ቆራሌው እንኳ ያልተቀበለው

ከሰው ልጅ የእጅ ሥራዎች መካከል፣ ሞተዋል ተብሎ ለቅሶ ሳይለቀስላቸው፣ በሕይወት አሉ ተብሎም ለገበያ ሳይጠሩ፣ በመቃብርና በመደብር መካከል ተንጠልጥለው የቀሩ ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱና ዋነኛው፣ የዛሬ ሃያ ዓመት በየሙዚቃ ቤቱ መስኮት በክብር ተደርድሮ አላፊ አግዳሚውን ሲያስቆም የነበረው፣ አሁን ግን በአንዳንድ ጎረቤት ጓሮ ወፍ ከጎመን እንዲያባርር በሲባጎ ተሰቅሎ በነፋስ የሚንቀጠቀጠው ሲዲ ነው። እኔ ደግሞ ለወዳጆቼ አንክሮ፣ ለቤተ ሰቦቼም የትዕግሥት ፈተና ሆኜ፣ በቤቴ ውስጥ ዜማ የምሰማው እስከ ዛሬ ድረስ ከዚሁ ከክቡ ነገር ነው። ስልክ የለኝም ማለቴ አይደለም፤ ስልክ አለኝ፣ በስልኩም ውስጥ ከአዳም ጀምሮ የተዜመው ሁሉ ተከማችቶ እንደሚገኝ የልጅ ልጄ ምላ ተገዝታ ነግራኛለች። ነገር ግን የዓለሙ ዜማ ሁሉ በኪሴ ውስጥ ካለ፣ ከዚያ ሁሉ መካከል ዛሬ ማታ የትኛውን እንደምሰማ ለመምረጥ የማቱሳላ ዕድሜ ያስፈልገኛልና፣ ያ ዕድሜ እስኪሰጠኝ ድረስ፣ ስማቸውን በጠርዛቸው ይዘው በመደርደሪያዬ ላይ ከቆሙት ሲዲዎች አንዱን መዝዤ፣ ከሣጥኑ አውጥቼ፣ በማጫወቻው መሳቢያ ላይ አሳርፌ፣ ቁልፉን ተጭኜ መቀመጥን መርጫለሁ።

ወደ ሳሎኔ የሚገባ ሰው ሁሉ ይህን ማጫወቻ ሲያይ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። ዕድሜው ከአርባ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ቀረብ ብሎ ክዳኑን ይዳብስና፣ ‹‹እኔም ነበረኝ፤ ነፍሱን ይማረው›› ይላል። ከሠላሳ በታች የሆነው ግን ምርመራ ይጀምራል።

‹‹ጋሼ፣ ይኼ ብሉቱዝ አለው?››

‹‹የለውም።››

‹‹ፍላሽስ ይቀበላል?››

‹‹አይቀበልም።››

‹‹ታዲያ ምን ያደርጋል?››

‹‹ይዘፍናል።››

ይህን ስመልስለት ወጣቱ በትሕትና ፈገግ ይላል፤ ነገር ግን ዐይኑ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ ‹‹ከጀመራቸው ስንት ጊዜ ሆነ?›› ብሎ በዝምታ ሲጠይቃት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ባለቤቴም ብትሆን ከዚህ ጥርጣሬ ነጻ አይደለችም። በአንድ የበዓል ዋዜማ፣ ቤት ሲጸዳና ዕቃ ሲገላበጥ፣ የቆራሌው ድምፅ ከመንገድ በተሰማ ጊዜ፣ ከአሮጌ ድስት፣ ከተጣመመ ጃንጥላና ከተቀደደ ሸራ ጫማ ጋር አብራ አንድ ካርቶን ሙሉ ሲዲ ወደ በር አስወጣች። እኔ በመስኮት ሆኜ ነገሩን በአርምሞ ተመለከትሁ፤ ወርጄ መከላከል ይገባኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ስንት ብር እንደሚያወጣ ለማወቅ የነበረኝ ጉጉት ከፍቅሬ በለጠ። ቆራሌው ድስቱን በጣቱ አንኳኩቶ ተቀበለ፤ ጃንጥላውንም ለዘንጉ ሲል ተቀበለ፤ ጫማውን እንኳ አገላብጦ አይቶ በጆንያው ጨመረ። ከካርቶኑ ግን አንድ ሲዲ አንሥቶ፣ በሚያብረቀርቀው ፊቱ ላይ የራሱን መልክ ተመልክቶ፣ ጠጉሩን አስተካክሎ፣ መልሶ አኖረው።

‹‹እማማ፣ ይኼስ ይቅር›› አለ፤ ‹‹ብረት አይደል፣ መስተዋት አይደል፣ ጊዜውም አልፎበታል።››

ጊዜ ያለፈበትን ነገር መግዛት እንጀራው የሆነ ሰው ይህን ፍርድ ሲፈርድ በሰማሁ ጊዜ፣ የነገሩ ማዕረግ ከምናለሽ ተራ በታች መውረዱን ዐወቅሁ፤ እኔም ወርጄ ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ቦታው መለስሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስብስቤ በሌባም በቆራሌውም ዘንድ የማይፈለግ ሀብት ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ከተማ ከእኔ ይልቅ ያለ ስጋት የሚተኛ ባለጠጋ ይኖራል ብዬ አላምንም።

በቆራሌው ግን አልፈርድበትም፤ ድምፅን በዕቃ ውስጥ አኑሮ ማቆየት በአገራችን ምን ያህል የቆየ ክብር እንዳለው የነገረው ሰው የለም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት የወዳጅነት ቃል በፎኖግራፍ የተቀረጸ የራሳቸው ድምፅ ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሰሙት በኋላ፣ አስቀድሞ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ቅጂው እንዲጠፋ ተደረገ፤ ምኒልክና ጣይቱም በበኩላቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው በምላሹ ላኩ። የንግሥት ቃል ተሰምቶ ይደምሰስ በተባለበት በዚያ ዘመንና፣ የማንም ሰው ሳል ሳይቀር ተቀርጾ በየስልኩ በሚዞርበት በዚህ ዘመን መካከል ያለውን ርቀት ሳስበው፣ መካከለኛው መንገድ የት ጠፋ እያልሁ እጠይቃለሁ። ከምኒልክም ወዲህ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር በሄዱ ጊዜ ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ይህም የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ መቀረጽ የጀመረበት ነው ተብሎ ይቈጠራል። መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ ያ ድምፅ ‹‹ኢትዮፒክስ›› በሚባለው ተከታታይ እትም 27ኛ ሆኖ በሲዲ ስለ ወጣ፣ እኔ ዛሬ በቤቴ ተቀምጬ፣ ሽሮዬ እስኪበርድልኝ ድረስ፣ አያቶቼ በአካል ሊያዩዋቸው ይመኙ የነበሩትን ሰው እሰማለሁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘወትር የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ዘመን የእኛን ዘፋኞች ሸክላ በስሙ ያሳትም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን በበርሊን ለዓለም ያሳየ እርሱ ነው፤ ከጃፓኑ ሶኒ ጋር ተባብሮም ሲዲን ያወጣ እርሱ ነው። እንግዲህ ሸክላው በካሴት፣ ካሴቱም በሲዲ ከዙፋኑ ሲወርድ፣ ገዳይና ሟች የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ ማለት ነው፤ የነገሥታቱን ታሪክ ላነበበ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የካሴቱን ሥራ የመራው መሐንዲስ ሉ ኦተንስ፣ ካሴቱ ምን ያህል መሆን እንደሚገባው ለመወሰን በኮቱ ኪስ የሚገባ ቁራጭ እንጨት አሠርቶ በእርሱ ይለካ እንደ ነበር ይነገርለታል። ሲዲውንም መጀመሪያ ያሰቡት 11.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ሲሆን፣ ኋላ 12 ሆነ። ለምን 12 ሆነ ለሚል ሰው የሚተረክ አንድ ነገር አለ፦ ከሶኒ ሹማምንት አንዱ የነበረው ኖሪዮ ኦጋ አስቀድሞ የድምፅ ዜማ የተማረ ሰው ስለ ነበረ፣ የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ከመካከሉ ሳይቆረጥ በአንዱ ገጽ ይግባ ብሎ አስወሰነ፤ የሲዲው ርዝመትም በዚህ ምክንያት 74 ደቂቃ ሆነ ይባላል። በሥራው ውስጥ ከነበሩት መሐንዲሶች አንዳንዶቹ ግን ይህ ተረት ነው፣ እውነተኛው ምክንያት የሁለቱ ኩባንያዎች ፉክክር ነው ይላሉ። እኔ የመሐንዲሶቹን ቃል አከብራለሁ፤ ተረቱን ግን አምናለሁ፤ አንድ ዕቃ ልኩን ከሒሳብ ሹም ሳይሆን ከዜማ ወዳድ ተቀበለ ብሎ ማመን ለልብ ተድላ ይሰጣልና።

ሶኒ ሲዲፒ-101 የተባለውን የመጀመሪያውን የቤት ውስጥ ማጫወቻ በጃፓን አገር ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1982 ነው። ይህን ቀን በእኛ አቈጣጠር ብትመልሱት መስከረም 21 ቀን 1975 ዓ.ም. ይሆናል፤ ማለት የግሼን ማርያም ክብረ በዓል ነው። ጃፓኖቹ ይህን ዐውቀው አደረጉት አልልም፤ ነገር ግን ሕዝበ ክርስቲያኑ ወደ አምባሰል ተራሮች በእግሩ ሲጓዝ በዋለበት ዕለት ሲዲ መወለዱን ለባለቤቴ በነገርኋት ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማጫወቻው በአክብሮት አየች፤ ከላዩም አቧራ ጠረገች። እኛ በዚያ ዘመን ሰዓት እላፊ በታወጀበት ከተማ ውስጥ በርና መስኮት ዘግተን፣ የተጠላለፈ ካሴት በእስክርቢቶ እያጠነጠንን እንኖር ስለ ነበር፣ የዚህን ክብ ነገር መወለድ የሰማነው ዘግይተን ነው፤ ወደ እጃችንም የገባው ከዚያ የበለጠ ዘግይቶ ነው።

አሠራሩን ሲመረምሩት እጅግ የረቀቀ ነው። ሸክላ ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሐል ሲነበብ፣ ሲዲ ግን ከመሐል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይነበባል፤ መጀመሪያ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ወደ ዳር በወጣ መጠንም ዝግ ይላል፤ በዚህ ጠባዩ ከብዙ ሰዎች ዕድሜ ጋር ይስማማል። በፊቱ ላይ የተቀረጸው መሥመር አንዱ ዙር ከሌላው የሚርቀው 1.6 ማይክሮ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ተፈትቶ ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከአራት ኪሎ ቢነሣ መስቀል አደባባይን ተሻግሮ በቦሌ መንገድ ብዙ ይሄዳል፤ ያውም ያለ ታክሲ ወረፋ። በዚያ መሥመር ላይ እጅግ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ ለዐይን የማይታይ የሌዘር ብርሃን ሳይነካቸው ያነባቸዋል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ዜማ በፊደሉ ራስ ላይ በጥቃቅን ምልክት እንዲጻፍ ሥርዓት ሲያወጡ፣ ድምፅን በነጥብና በጭረት አድርጎ ለትውልድ ማቆየት እንደሚቻል አስቀድመው አሳይተው ነበር፤ የእነርሱ ምልክት ግን ዜማውን አስቀድሞ ያጠና መሪጌታ ካላገኘ አይናገርም፣ የሲዲው ምልክት የሚሻው የመብራት ኀይል ብቻ ነው። መብራቱ መቼ እንደሚኖር ደግሞ ከመሪጌታውም ከመሐንዲሱም የተሰወረ ነው።

ድምፁን በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለኩታል፤ እያንዳንዱም ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል። ይህ ሁሉ መለካት ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ጤናማ የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ስለሚሰማ፣ ያንን በትክክል ለመመለስ ከእጥፉ በላይ መለካት ይገባል ይላሉ ሊቃውንቱ። ከዚያ 20,000 ውስጥ በእኔ ዕድሜ ለእኔ ስንት እንደ ቀረልኝ የሚያውቀው የጆሮ ሐኪም ነው፤ የማልሰማውም ቢሆን ግን ከፍዬበታለሁና እንዲጎድልብኝ አልፈቅድም። ሲዲው ሲጫርስ እንዴት ይሆናል ላለ ሰው መልሱ የበለጠ ያስደንቃል። ሪድና ሰሎሞን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ቀመር መሠረት፣ ቍጥሮቹ በተርታ አይቀመጡም፤ ተበትነው፣ እርስ በርሳቸው የሚመሰካከሩ ተጨማሪ ቍጥሮችም ታክለውባቸው ይጻፋሉ፤ ስለዚህ በመሥመሩ ላይ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቦታ ቢጠፋ እንኳ፣ ማጫወቻው የጠፋውን ከተረፈው አስልቶ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ይቀጥላል። በእንዲህ ያለ ጥበብ ውስጥ አንድ ሰሎሞን ባይገኝ ነበር የሚገርመኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መስማቱ እመለሳለሁ። በእኛ ቤት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ይፈላል፤ ሲዲውም የሚገባው ቡናው ሊቈላ ምጣዱ ሲጣድ ነው። ቡናው ሲንጫጫ የመጀመሪያው ዜማ በከንቱ እንደሚያልፍ ዐውቃለሁ፤ የሙቀጫውም ድምፅ ሁለተኛውን ይሻማዋል፤ አቦሉ ሲቀዳ ግን ሁሉም ጸጥ ይላልና፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ንጹሕ መስማት ነው። ቶናው ሲመጣ በሲዲው መካከል እንገኛለን፤ በረካው ሲቀዳ የመጨረሻው ዜማ ይሰማል፤ ሲዲው ቆሞ መሳቢያው በተከፈተ ጊዜም ስኒው ተሰብስቦ፣ ረከቦቱ ተነሥቶ፣ ወሬውም በቂ ሰው ነክቶ ያበቃል። ሲዲ የሠሩት ሰዎች ቡና አፈላል ዐውቀው እንደ ሆነ አላውቅም፤ ልኩ ግን እንዲህ ገጥሟል። በስልክ የሚሰማው ዜማ ግን በረካ የለውም። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይተካል፣ ያም ሳያልቅ ማንም ያላዘዘው ሦስተኛ ይመጣል፤ በመካከልም አንዲት ሴት ድንገት ገብታ ስለ ዘይትና ስለ ዱቄት ማስታወቂያ ትናገራለች፤ የልጅ ልጄም ከዚህ ሁሉ ለማምለጥ አውራ ጣቷን ሳታሳርፍ ታንሸራትታለች። ከአንድ ዜማ መግቢያውን ብቻ፣ ከሌላውም አዝማቹን ብቻ እየቀመሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ዘፈን ትጀምራለች፤ አንድም አትጨርስም። ‹‹የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች›› ብላት፣ ‹‹አያቴ፣ ይኼ ዘፈን ነው፣ ወጥ አይደለም›› ብላ መለሰችልኝ። መልሱ የሚያስቅ ስለ ነበረ ክርክሩን እርሷ ረታች፤ የማጫወቻውን ሪሞት ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ትራሴ ሥር አኑሬዋለሁ።

በሲዲ ውስጥ ዜማዎቹ የተሰለፉበት ተራ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ዘፋኙና አቀናባሪው ተቀምጠው፣ የትኛው በር ይክፈት፣ የትኛው ከጭፈራው በኋላ ሰውን ያስቀምጥ፣ የትኛው ያሰናብት ብለው መክረውበታል። ከዚህም የተነሣ፣ አንድ ሲዲ ብዙ ጊዜ የሰማ ሰው የአንዱ ዜማ የመጨረሻ ድምፅ ገና ሳይጠፋ የሚቀጥለው በልቡ ውስጥ ይጀምርለታል፤ በሁለቱ መካከል ባለችው በዚያች አጭር ጸጥታ ውስጥ ያለው ተስፋ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በሌላ ዕቃ አይገኝም። በሬዲዮ ያንኑ ዜማ ስሰማ፣ ሲያልቅ ተከታዩ ሳይመጣ ሲቀር፣ የማላውቀው አቅራቢ ዕዳ ያለበት መስሎኝ እቀየማለሁ።

ከዚያም መጽሔቲቱ አለች። በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ታጥፋ የምትቀመጠው ትንሿ መጽሔት ባትኖር ኖሮ፣ በአገራችን ሙዚቃ ውስጥ ጥሩምባውን ማን እንደ ነፋው፣ ከበሮውን ማን እንደ መታው፣ ዜማው በየት ስቱዲዮና በየትኛው ዓመት እንደ ተቀዳ ብዙዎቻችን ሳናውቅ በኖርን። በስልክ የሚሰማ ትውልድ ዘፋኙን ያውቃል፣ ከዘፋኙ በስተኋላ ቆሞ ላብ የሚያፈሰውን ግን አያውቅም። በዚህ ነገር ላይ የፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ውለታ ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ አምሃ እሸቴና ዓሊ ካይፋን የመሰሉ ደፋር አሳታሚዎች በአንድ ወቅት በሸክላ ያወጧቸውን ሥራዎች እየሰበሰበ፣ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፓሪስ አሳታሚ በኩል በሲዲ እንደ ገና እንዲታተሙ አደረገ፤ ለእያንዳንዱም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ታሪክ ጻፈለት። የራሴን አገር ሙዚቃ ታሪክ በባዕድ ቋንቋ፣ ያውም መነጽር ላይ መነጽር በሚያስደርብ ደቃቅ ፊደል፣ በዚያ ላይ ከፓሪስ በመጣ ወረቀት ላይ ማንበቤ አንዳንድ ጊዜ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ኀፍረቱ የሚመለከተው እኛን፣ ቀድመን ልንጽፈው ሲገባን ሸክላውን ለስኒ ማስቀመጫ ያደረግነውን ሰዎች እንጂ እርሱን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሠሪ የሙላቱ አስታጥቄን ዜማ በፊልሙ ውስጥ ባሰማ ጊዜ፣ ብዙ ሕዝብ በዓለም ዙሪያ ይህ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ፤ መልሱ የዚያ ተከታታይ እትም 4ኛ ሲዲ ሆኖ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ለማታ ጽሙና የምመርጠው የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን ሲዲ ነው። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ያ እንደ ንብ እምም የሚለው ድምፁም የሚመጣው በእያንዳንዱ አውታርና በብርኵማው መካከል ከምትገባው፣ እንዚራ ከምትባለው ቍራጭ ቆዳ ነው። በካሴት ዘመን ይህ እምምታ ከካሴቱ ከራሱ ሽውታ ጋር ስለሚቀላቀል፣ የትኛው የበገናው፣ የትኛው የካሴቱ እንደ ሆነ መለየት አይቻልም ነበር፤ በሲዲ ግን በስተኋላው ፍጹም ጸጥታ ስላለ፣ አውታሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ ቀስ እያለ ሲመነምን እስከ መጨረሻው ድረስ ልትከተሉት ትችላላችሁ። ፒያኖ የምትወዱም በኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ኖረው እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉትን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን፣ በዚያው ተከታታይ እትም 21ኛ የሆነውን ሲዲ ስሙ። ሥራቸው ወደ ብዙ አገር ሰው ጆሮ የደረሰው በዚያ ሲዲ ነው፤ መነኵሲት በበዓታቸው ተቀምጠው፣ ጣታቸው ግን ዓለምን የዞረው በ12 ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ ላይ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካመሰገንሁ በኋላ ነውሩን ብሸሽግ ውዳሴ ከንቱ ይሆንብኛል። የሣጥኑ ፕላስቲክ ከማንኛውም ፍጥረት ይልቅ ተሰባሪ ነው፤ በተለይ ሲዲውን ከመሐሉ ይዘው የሚያኖሩት ጥርሶች፣ እኔ ዘንድ እንደ ደረሱ ለመርገፍ የተማማሉ ይመስላሉ። ጉዳቱ ከወሰን ያለፈ ሲዲንም የሰሎሞን ጥበብ አያድነውም፤ ቀጣዩ የጠፋው የቆሎ ተማሪ እንደሚያደርገው፣ ያችኑ አንዲት ሐረግ እየመላለሰ ቤቱን ሁሉ ያስጨንቃል። ጎረቤቴ የጥርስ ሳሙና ቀብቼ አሻሽቼ አድነዋለሁ ይላል፤ እውነትም አንዳንዱን አድኗል፣ ከአንዳንዱ ግን ጥሩ ጠረን ካለው ሬሳ በቀር ምንም አላስተረፈም። ሰው የማያውቀው አንድ ምሥጢር ላጫውታችሁ፦ ሁላችንም የምንጠነቀቅለት የሚያብረቀርቀውን ገጽ ነው፤ ነገር ግን ድምፁን የያዘው ቀጭን አሉሚኒየም ያለው ፊደል በተጻፈበት በኩል፣ ከስስ ሽፋን ሥር ነው፤ ስለዚህ ለመዳን የሚያስቸግረው ጭረት በፊደሉ በኩል የገባው ነው። ስትጠርጉትም ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት እንጂ ዙሪያውን አታሹት፤ በመሥመሩ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ብዙ ቍጥር በአንድ ጊዜ ያጠፋልና። በየመንገዱ ዳር መቶ ሃምሳ ዘፈን በአንዱ ላይ ታጭቆ ይሸጥ የነበረው ኮፒ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው፤ በፋብሪካ ያልታተመ፣ በቀለም ላይ በብርሃን የተቃጠለ ስለ ሆነ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ ከላይ በእስክርቢቶ የተጻፈው ‹‹ምርጥ ቁጥር 2›› ብቻ ለመታሰቢያ ይቀራል።

የኮፒን ነገር ካነሣሁ ዘንድ፣ በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሲወጣ፣ ከእንግዲህ ዘፋኝ ከላቡ ይበላል ብለን ነበር። ኮፒው ግን በአዋጅ አልጠፋም፤ የጠፋው ፍላሽ የሚባለው አውራ ጣት የሚያህል ነገር መጥቶ ሲዲውን ኦርጅናሉንም ኮፒውንም አንድ ላይ ሲቀብራቸው ነው። በየሱቁ ሙዚቃ በጊጋባይት ተመዝኖ በሚጫንበት ዘመን፣ ዘፋኙ የትኛው ጊጋባይት ውስጥ እንዳለ እርሱም አያውቀውም።

አንድ የልብ ወዳጄ ደግሞ ከወጣቶቹ በተቃራኒ በኩል ይዋጋኛል። እርሱ የሸክላ ሰው ነው። ሸክላ ነፍስ አለው፣ ሲዲ ግን የሒሳብ ደብተር ነው ይለኛል፤ ጊዜውም ለእርሱ አድልቷል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የተሸጠው ሸክላ በቍጥር ከሲዲ በልጦ ተገኝቷልና፤ ይህም ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ወዳጄ ይህን በነገረኝ ዕለት ፊቱ በፍሥሓ በርቶ ነበር። እኔም ቤቱ ሄጄ ሰማሁለት፤ ሸክላውን በጨርቅ ጠረገ፣ መርፌውን በብሩሽ አበሰ፣ ክንዱን ቀስ አድርጎ አወረደ፤ ከዚያም እሳት ላይ እንደ ተጣለ ጨው እየተንጣጣ አንድ ገጽ ተጫወተ፤ ገና ተደላድለን ሳንቀመጥ አለቀና ተነሥቶ ገለበጠው። ሥርዓቱ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ወዳጄ በዚያ ምሽት ከሰማው ይልቅ የቆመው ይበዛል። ነፍስ ያለው እርሱ ራሱ እንጂ ሸክላው አይደለም ብዬው ተሰነባበትን። ጃፓኖች እስከ አሁን ድረስ ሲዲን እንዳልተዉ፣ በቶኪዮ ሺቡያ ሰፈርም ብዙ ፎቅ ያለው የሲዲ መደብር ዛሬም ክፍት እንደ ሆነ ግን ሳልነግረው አልቀረሁም።

ስለ ባለቤትነትም አንዲት ቃል ልናገር። በወር ክፍያ ከሚሰማው ነገር ውስጥ የእናንተ የሆነ አንድም የለም፤ ክፍያው የተቋረጠ ዕለት፣ ወይም የባለ መብቱና የአቅራቢው ውል የፈረሰ ዕለት፣ ትናንት ያለቀሳችሁበት ዜማ ዛሬ ይጠፋል፤ ለማን አቤት እንደምትሉም አታውቁም። ሲዲውን ግን አንድ ጊዜ ከገዛሁት በኋላ ኔትወርክ ቢኖር ባይኖር፣ ካርድ ብሞላ ባልሞላ ግድ የለኝም። ላበድረው እችላለሁ፣ ላወርሰው እችላለሁ፣ በንዴት ልወረውረው እንኳ እችላለሁ፤ መብራት በጠፋ ጊዜም መጽሔቱን በሻማ አነባለሁ።

አበድረዋለሁ ካልሁ ዘንድ፣ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡ መካከል አንዱን በስም ሳልጠራ ልለምነው ግድ ሆነብኝ። በሳክስፎን ሽለላ የሚያሰማውን የጌታቸው መኵሪያን ሲዲ፣ የተከታታዩን 14ኛ፣ ከእኔ ቤት ለአንድ ሳምንት ብለህ የወሰድህ ወንድሜ ሆይ፤ ሣጥኑና መጽሔቱ እኔ ዘንድ ስለ ቀሩ፣ አንተ ዘንድ ያለው ራቁቱን ነው፤ ፊደሉ ባለበት በኩል እንዳይጫር በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለህ አምጣልኝ። ለመምጣት ካፈርህም ከግቢያችን በር ላይ ላለው ሱቅ ተውልኝ፤ ባለ ሱቁ ምን እንደ ሆነ ስለማያውቀው አይሰርቀውም። ለመምጣት ካላፈርህ ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ነኝ፤ ቡናም አለ።